ያቺ ትንሽ 2 ከየት መጣች?

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው። አንድ ማታ የፊዚክስ ደብተሩን ዘርግቶ ቀመሮቹን በቀይ እስክሪብቶ ያከብባል። ምን እያደረግክ ነው ስለው፣ አናታቸው ላይ ትንሽ 2 ያለባቸውን እየለየሁ ነው አለኝ። ትንሿ 2 በራሱ አባዛው ማለት ናት። የክብ ስፋት ላይ 2 አለች። የሚንቀሳቀስ ነገር ኢነርጂ ላይ አለች። ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያሞቅ አለች። የስበት ሕግ ላይ ደግሞ ከታች ተደብቃለች። ኢ እኩል ኤም ሲ ስኩዌርንማ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አይቶታል። ለምን ሁልጊዜ 2? ለምን አንድ ጊዜ እንኳ 2.1 አትሆንም? መልስ አልነበረኝም። አጎት ሆኖ መልስ ማጣት ደግሞ ደስ አይልም።

ስለዚህ የምሳተፍበት የበይነመረብ መወያያ መድረክ ላይ ለጠፍኩት። ጥያቄ ብቻ ከለጠፍኩ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየኝ አውቃለሁ። ደፈር ያለ ነገር ጨመርኩበት። 2 የሰው ልማድ እንጂ የተፈጥሮ አይደለችም አልኩ። ሳይንቲስቶቹ ሲለኩ 1.97 ወይም 2.04 ያገኛሉ፤ ለአያያዝ ስለማይመች አጠጋግተው 2 ይሏታል። እውነቱን ለመናገር ራሴም ሙሉ በሙሉ አላመንኩበትም። ግን ሰው ቶሎ የሚመልሰው ሲናደድ ነው።

ጠዋት ስልኬን ስከፍት 8 መልስ ተደርድሯል። 1ኛው ሳቅ ብቻ ነው። 2ኛው የአንድ ጡረተኛ መምህር ነበር። 34 ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በትሕትና ጀመሩ። ጥያቄው ጥሩ እንደሆነ፣ መላምቱ ግን ስህተት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ በኩራዝ አስረዱ። ልጅ ሆነው በኩራዝ ሲያጠኑ፣ ደብተራቸውን ከአንድ ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ሲያስጠጉት የሚያርፍበት ብርሃን እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ይሆን ነበር። ከኩራዙ የሚወጣው ብርሃን እንደሚነፋ ኳስ በየአቅጣጫው እየሰፋ ይሄዳል። ያው ብርሃን የኳሱን ገላ በሙሉ መሸፈን አለበት። ገላው ደግሞ ርዝመትም ወርድም አለው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱም እጥፍ፣ ወርዱም እጥፍ። ስለዚህ ብርሃኑ 4 እጥፍ ቦታ ላይ ተስቦ ይሳሳል።

የጋሼ ነጥብ ይሄ ነበር፦ ይህቺ 2 ተለክታ ሳይሆን ተቆጥራ የመጣች ናት። የምንኖርበት ዓለም ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አለው፤ 3 ነው። የኳስ ገላ አንዱን ያጣል፤ 2 ይቀራል። ወረቀት ላይ ብቻ የምንኖር ጉንዳኖች ብንሆን ኖሮ ቁጥሩ 1 ይሆን ነበር። ኒውተን በ1687 ለስበት፣ ኩሎም በ1785 ለኤሌክትሪክ ባወጧቸው ሕጎች ውስጥ ያለችው 2ም የዚችው የኩራዝ ዘመድ ናት። አንድ ሰው በጎቹን ቆጥሮ 2.04 በግ አያገኝም ብለው በዘዴ ወጉኝ።

3ኛው ግንበኛ ነው። ቀመር ላይ እንደማይገባ፣ ካሬ ላይ ግን ማንም እንደማይበልጠው አስጠንቅቆ ጀመረ። አንድ ደንበኛ ወለሉ 6 ካሬ ነው ብሎ በስልክ ይነግረዋል። እሱም ለ6 ካሬ ሜትር የሚበቃ ሴራሚክ፣ ለመሰበሩ ትንሽ ጨመር አድርጎ ጭኖ ይሄዳል። ሲደርስ ክፍሉ 6 በ6 ሆኖ ያገኘዋል። 36 ካሬ! ደንበኛው አታለልከኝ፣ እሱ አንተ ተሳሳትክ፣ ቀኑ በጭቅጭቅ አለቀ። ከዚህ በኋላ 4ኛውና 5ኛው ሴራሚክ ስንት እንደገባ ተወያዩ። 5ኛው ከሴራሚክ ተነስቶ የኮንዶሚኒየም ዋጋ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ልለፈው።

6ኛዋ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህት ናት። ከ40 ሳንቲ ምጣድ ወደ 58 ሳንቲ ስትቀይር ሊጡን በግማሽ ጨምራ ነበር የጀመረችው። ሳምንቱን ሙሉ ሊጥ አነሳት። ስታሰላው አዲሱ እንጀራ ከድሮው እጥፍ በላይ ስፋት አለው። 58ን ለ40 አካፍሎ በራሱ ማባዛት ነው፤ 2.1 ይመጣል። የልጁ 2.1 ተገኘች ብላ ቀለደችብኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። ችግሩ 7ኛው ላይ ጀመረ።

7ኛው ኤሌክትሪሻን ነው። ሰዎች ለምን ቤታቸውን እንደሚያቃጥሉ በዚህች 2 ሊያስረዳን መጣ። ፍሪጅ 1 አምፔር ገደማ ይስባል እንበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሰው 16 እጥፍ ነው ብሎ ያስባል። ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን 16 ጊዜ 16 ነው፤ 256 እጥፍ። ለፍሪጅ 10 ዓመት ያገለገለ ቀጭን ገመድ በአንድ የጋገራ ቀን የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ከዚያ ወደ ትልቁ መስመር ሄደ። ከህዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት የተደረገበት ምክንያትም ይኸው ነው አለ። ቮልቴጁ ሲጨምር፣ ያንኑ ኃይል ለማምጣት ትንሽ ከረንት፣ ማለትም ጥቂት አምፔር፣ ይበቃል። ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚባክነው በሩብ ይሆናል። ያንኑ ኃይል በዚያው ውፍረት ሽቦ በ132 ሺህ ቮልት እናምጣ ብንል ብክነቱ ከ14 እጥፍ በላይ ይሆን ነበር።

8ኛው የምህንድስና ተማሪ ነኝ ባይ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ተቃራኒውን እንዳወራ በድፍረት ጻፈ። መጽሐፉ ሙቀት ማለት ቮልቴጅ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ከረንቱን በሚያግድበት መጠን፣ ሲካፈል ነው ይላል። ታዲያ ቮልቴጅ ሲጨምር ብክነቱ መጨመር እንጂ መቀነስ እንዴት ይችላል? መጨረሻ ላይ በልምድ የሚሰራና በእውቀት የሚሰራ አንድ አይደሉም የሚል ነገር ጣል አደረገ። ይቺን ባይጨምራት ጥሩ ነበር።

9ኛው ኤሌክትሪሻኑ ራሱ ነው። 17 ዓመት ሽቦ ሲጎትት ከአንድም ወረቀት ያዥ ጋር እንዳልተጣላ፣ ዛሬ ግን እንደሚጣላ አስታወቀ። 10ኛው ለተማሪው፣ 11ኛው ለኤሌክትሪሻኑ ወገኑ። 12ኛው ሁለቱም እንዲረጋጉ ለመነ፤ ማንም አልሰማውም።

ጋሼ በ13ኛው ገቡ። ተማሪውን ቀመሩ ልክ እንደሆነ፣ ያስገባበት ቁጥር ግን የሌላ እንደሆነ ነገሩት። እዚያ ቀመር ላይ ያለው ቮልቴጅ ሽቦው ራሱ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠፋው ብቻ ነው። በመስመሩ ሽቦዎች መካከል ያለው 500 ሺህ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከተማዋ ውስጥ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ግን 2,800 ሜትር አልወጣም። የሚያደክመው በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው ዳገት ነው። በትልቁ መስመር ከረንቱ ትንሽ ስለሆነ ሽቦው ላይ ያለው ዳገትም ትንሽ ነው። ሁለቱ ቀመሮች አንድ ነገር በሁለት አፍ መናገራቸው ነው።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ለኔ ከሁሉም የበለጠ ነበር። ከረንት ለምን በራሱ ይባዛል? ሁለት ጊዜ ስለሚገባ። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በሰከንድ የሚያልፈው ቻርጅ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ አንዱ በር። እያንዳንዱ ቻርጅ ሽቦው ላይ የሚያጣው ኢነርጂም እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ሁለተኛው በር። ያው አንድ ነገር በሁለት በር ገብቶ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ኩራዙንም ሴራሚኩንም እንደገና አየኋቸው። እዚያም በሮቹ ርዝመትና ወርድ ነበሩ። 14ኛው የተማሪው ነው፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ይቅርታ። ኤሌክትሪሻኑ የመጨባበጥ ምልክት መለሰለት። በይነመረብ ላይ እንዲህ አይነት ነገር ስንት ጊዜ ይታያል?

16ኛው የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ተሳቢ ይዞ ሲወርድ ይህችን 2 በእግሩ እንደሚያውቃት ጻፈ። በ40 ሲሄድ ፍሬን ይዞ የሚቆምበት ቦታ ቅርብ ነው። በ80 ግን እጥፍ ሳይሆን እንደማይደርስበት ሩቅ ይሆንበታል። 17ኛው ቁጥር ሰጠው። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ደህና ፍሬን ላላት የቤት መኪና፣ በ40 ስትሄድ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 9 ሜትር ገደማ፤ በ80 ደግሞ 35 ሜትር ገደማ። 18ኛው እንዳትሳሳቱ ብሎ አረመ፤ እርማቱም ተገቢ ነበር። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ድረስ መኪናው የሚሄደው ርቀት በራሱ አይባዛም። አንድ ሰከንድ ከፈጀበት በ40 ወደ 11 ሜትር፣ በ80 ወደ 22 ሜትር ነው። እሱ እጥፍ ብቻ ነው። 4 እጥፍ የሚሆነው ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ነው።

19ኛዋ ነርስ ናት። የጋሼን በሮች መንገዱ ላይ ፈልጋ አገኘቻቸው። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ መኪና ለመቆም እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ በአማካይ በእጥፍ ፍጥነት ይሄዳል። እጥፍ ጊዜ በእጥፍ ፍጥነት፤ 4። ቀመር የለ፣ ምን የለ። በቃ ገባኝ።

ከዚያ ጋሼ በ20ኛው አንድ እንቆቅልሽ ወረወሩ። ሁለት አንድ አይነት መኪናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ በ80፣ ሌላው በ100። መንገዱ ላይ በሬ ይገባል። ሁለቱም እኩል ቦታ ላይ፣ እኩል ፍሬን ይይዛሉ። የ80ው በሬውን ሊነካ ጸጉር ሲቀረው ይቆማል። የ100ው በሬውን ሲመታ በስንት ይሄዳል? 21ኛው 20 አለ። እኔም በልቤ 20 ብዬ ነበር። 22ኛው ትንሽ ተጠራጥሮ 30 አለ። ሾፌሩ ቁጥር ሳይጠራ፣ በሬውን እንደሚጨርሰው ብቻ ጻፈ።

መልሱ 60 ነው። ጋሼ አሰሉት። ፍሬኑ በዚያ ርቀት ከሁለቱም መኪኖች እኩል ኢነርጂ ይወስዳል። ኢነርጂው የሚሄደው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ከ80ው መኪና የወሰደው 80 ጊዜ 80፣ ማለትም 6,400 ነው፤ ጨረሰው። የ100ው ይዞት የመጣው 10,000 ነበር። 6,400 ሲወሰድበት 3,600 ይቀረዋል። 3,600 ደግሞ 60 ጊዜ 60 ነው። ለተወሰነ ጊዜ መድረኩ ላይ ማንም አልጻፈም። ሾፌሩ በመጨረሻ ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ተናገረ።

25ኛው ያ ግንበኛ ነው። ደንግጦ ነው የጻፈው። 60፣ 80፣ 100 የሱ ሲባጎ ናት! ቤት ሲቀይስ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጠው በሷ ነው። ከጥጉ በአንዱ በኩል 60 ሳንቲ፣ በሌላው 80 ሳንቲ ይለካል። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ሲባጎ ልክ 100 ከመጣ ጥጉ ስኳድራ ነው። ካልመጣ ችካሉ ይነቀላል። ይህን ከአሰሪው ነው የተማረው። ታዲያ የጥግ ሲባጎ የመኪና ፍሬን ውስጥ ምን ይሰራል?

እኔ በበኩሌ ይህን መልስ ሳነብ ቡናዬን ጠረጴዛ ላይ አፈሰስኩ። የፓይታጎረስን የሦስት ማዕዘን ሕግ ለማትሪክ ሸምድጄዋለሁ፤ እንዲህ አይነት ቦታ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

26ኛው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ቁጥር ስለገጠመ ምሥጢር አለው ማለት የኮከብ ቆጣሪ ሥራ ነው አለ። መንገዱ ላይ ሦስት ማዕዘን የት አለ? ሁለቱም መኪኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ጋሼ 80 እና 100ን የመረጡት 60 እንዲመጣላቸው ነው እንጂ 70 እና 90 ቢያደርጉት ኖሮ ግንበኛው ባልደነገጠ ነበር። ቃሉ ሹል ነበር፤ ጋሼን አንተ ማለቱም ብዙ ሰው አስቆጣ። 27ኛው ለታላቅ ሰው እንዲህ እንደማይጻፍ ገሰጸው።

ጋሼ ግን ሰውየው ግማሽ እውነት እንዳለው አመኑ። አዎ፣ ቁጥሮቹን መርጠዋቸዋል። አዎ፣ መንገዱ ላይ ሦስት ማዕዘን የለም። ግን ዝምድናው ከዚያ በፊት ነው። አንዲት ብይ ጠረጴዛ ላይ ትንከባለል። ወደ ርዝመቱ በ60፣ ወደ ወርዱ በ80 ብትሄድ፣ ትክክለኛ ፍጥነቷ በሰያፉ 100 ነው፤ ይህን ግንበኛው ያውቀዋል። አሁን ኢነርጂዋን ቁጠሩ። ወደ ርዝመት የምትሄድበትና ወደ ወርድ የምትሄድበት አንዱ አንዱን አይነካውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ኢነርጂዎች ተደምረው የሰያፉን መስጠት አለባቸው። ጠረጴዛውን ብናዞረውም ድምሩ መቀየር የለበትም። ይህን የሚያሟላ ቆጠራ አንድ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን በራሱ ማባዛት። 60 እና 80ን እንዲሁ ብንደምር 140 ይመጣል፤ ብይዋ ግን በ100 ነው የምትሄደው። በስኩዌር ከሆነ 3,600 እና 6,400 ተደምረው 10,000 ይመጣሉ። ኢነርጂ ስኩዌሯን ከጥጉ ሲባጎ ወረሰች። ፍሬኑ ደግሞ ከኢነርጂ ወረሳት። 26ኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ የብይዋን ነገር እንደተቀበለ ጻፈ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

29ኛዋ የታሪክ ሰው ናት፤ ነገሩን 300 ዓመት ወደ ኋላ ወሰደችው። እኛ በአንድ ማታ የተጨቃጨቅንበትን አውሮፓ ውስጥ ለአስርት ዓመታት ተፋጅተውበታል። የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት ወገኖች የሚንቀሳቀስ ነገር አቅም ክብደቱ በፍጥነቱ ሲባዛ ነው አሉ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ አይደለም፣ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው አለ። ሆላንዳዊው ስኽራቬሳንደ የናስ ኳሶችን ከከፍታ ለስላሳ ሸክላ ላይ ጣለ። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው ኳስ የቆፈረው 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህን ይዛ በ1740 ባሳተመችው መጽሐፍ ለስኩዌሩ የተከራከረችው ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ናት። ኒውተንን ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመችውም እሷ ናት፤ በ1749 ከወሊድ በኋላ ሞተች፣ ትርጉሙ ሙሉ ሆኖ የወጣው በ1759 ነው። ስሟ መማሪያ መጻሕፍታችን ላይ ለምን እንደሌለ ጠይቃ ጨረሰች። 30ኛው መማሪያ መጻሕፍቱ ራሳቸው በአግባቡ ሳይደርሱ ሌላ ነገር መጠየቅ ቅንጦት ነው ብሎ ስለ ትምህርት ጥራት ጀመረ። አምስት መልስ ያህል እዚያው ቆየን። ሁሉም ተቆጥቶ ስለነበር ቁጥራቸውን ለየብቻ አላነሳም።

36ኛው ላይ ተራው የኔ ሆነ። ጀርመን ዶክትሬቱን የሚሰራ ልጅ ነው። የክሩን አናት፣ ማለትም የኔን የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ እስከዛሬ ማንም በቅጡ አለመተቸቱ ገርሞታል። ሳይንቲስቶች አጠጋግተው 2 ይላሉ ማለት አሳፋሪ ነው አለ። በ1971 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች የኩሎምን 2 ፈትነዋታል። ከ2 የምትለይ ከሆነ ልዩነቱ ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮ ተደርድሮ የሚመጣ ነው። ይህ ማጠጋጋት ከሆነ ባንኮች ሁሉ እንዲህ ያጠጋጉልን አለ።

ተዋረድኩ። ግን ዝም አላልኩም። 37ኛው የራሴ ነው። 2ን ለመነካካት የሞከረ አንድም ሰው በታሪክ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ፣ ይመስገን፣ ሐቀኛ ነው። አለ ብሎ መለሰ። ሜርኩሪ በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ሞላላ መንገድ ራሱ ቀስ እያለ ይዞራል። የሌሎቹ ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ተቆጥሮ በ100 ዓመት 43 ሰከንድ ያህል ማዕዘን ትርፍ ይመጣል። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ስለሆነች ትርፏ ኢምንት ናት፤ ግን ማንም ሊያስረዳት አልቻለም። የማርስን ጨረቃዎች ያገኘው አሜሪካዊው አሳፍ ሆል በ1894 አንድ ሐሳብ አቀረበ። የኒውተን 2 ምናልባት 2.00000016 ብትሆንስ? ቁጥሩ ለሜርኩሪ ገጠመ። ለሌሎች ግን አልሆነም፤ የጨረቃን እንቅስቃሴ ያበላሻል። በ1915 አይንስታይን 2ን በመሸራረፍ ሳይሆን ኳሱ የሚነፋበትን ቦታ ራሱን በማጉበጥ ፈታው። ፀሐይ አጠገብ ቦታውና ጊዜው ስለሚጎብጥ የኩራዙ ቆጠራ ትንሽ ይስታል። ስለዚህ 2 ልክ ናት፤ ልክ የምትሆነው ግን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ይህን ሳነብ ግማሽ ነጥብ አገኘሁ ብዬ ለእህቴ ልጅ አሳየሁት። እሱ ሩብ ነው አለኝ።

ልጁ በዚያው አንድ ወሬ ጨመረልን። በ1926 ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ቦርን የኤሌክትሮን ሞገድ የሚነግረን ኤሌክትሮኑ አንድ ቦታ የመገኘቱን ዕድል ነው ብሎ ጻፈ። ዋናው ጽሑፍ ላይ ሞገዱን ራሱን ነበር ዕድል ያለው። ሊታተም ሲል በግርጌ ማስታወሻ አረመው፤ ዕድሉ የሞገዱ ስኩዌር ነው። ሞገድ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ዕድል ግን አይችልም። በ1954 ኖቤል ሲሸለም የተጠቀሰለት ዋና ሥራ ያ ትርጓሜ ነው። ፊዚክስ ውስጥ ከ2ዎች ሁሉ ታዋቂ ከሆኑት አንዷ በግርጌ ማስታወሻ ገባች። ይሄን ታሪክ በጣም ወደድኩት።

39ኛው ሁሉ ነገር 2 አይደለም ብሎ አሳሰበ። እውነቱን ነው። አዳማ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ላይ ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን ውስጡ ያለው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል። እዚያ ሦስተኛ በር አለ፤ የእያንዳንዱ ኪሎ አየር ኢነርጂ 4 እጥፍ ሲሆን በሰከንድ የሚደርሰው አየርም እጥፍ ይሆናል። ኬፕለር ደግሞ በ1619 ባሳተመው ሕግ 2 እና 3ን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ጁፒተር ከፀሐይ የምትርቀው የምድርን ርቀት 5.2 እጥፍ ነው። 5.2ን ሦስት ጊዜ አባዙት፤ 140.6 ገደማ ነው። አንድ ዙር የሚፈጅባትን 11.86 ዓመት በራሱ አባዙት፤ እሱም 140.7 ገደማ። 40ኛው በካልኩሌተር ሞክሮት ፎቶ አንስቶ ለጠፈ።

41ኛዋ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናት። የሷ 2 ከሌሎቹ የተለየች እንደሆነች በግልጽ ነገረችን። ለብዙ ልኬቶች የሚስማማ አንድ ቁጥር ሲፈለግ ስህተቶችን በራሳቸው አባዝቶ መደመርና ድምሩን ማሳነስ ሰው የመረጠው ነገር ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ለዣንድር በ1805 አሳተመው። ጀርመናዊው ጋውስ በ1809 ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር ብሎ አናደደው። ስኩዌሩን ትተን ስህተቶቹን የመቀነስ ምልክታቸውን ጥለን ብንደምርና ያንን ድምር ብናሳንስ የሚመጣው አማካዩ ሳይሆን የመሃሉ ቁጥር ነው። ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ ሰው የመረጣት 2 አለች ማለት ነው ብዬ ልዘል ስል፣ ጋሼ ቀድመው አንዲት የሳቅ ምልክት ላኩልኝ።

43ኛው በቲሸርቱ ቀመር መጣ። አንድ ግራም ነገር ሙሉ በሙሉ ወደ ኢነርጂ ቢቀየር ስንት እንደሆነ አሰላ። 25 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 5,150 ሜጋዋት ያለው ህዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ ወደ 5 ሰዓት ቢሰራ የሚሰጠው ነው። አንድ ግራም፣ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ስኳር! የብርሃን ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ነው እንዲህ የሚያብጠው። ግን ግድቡ ስለተነሳ ከ44 እስከ 52 ያሉት መልሶች የት እንደደረሱ መገመት አያቅታችሁም። አወያዩ ሦስቱን አጠፋ፤ ክሩንም ሊዘጋው አስጠነቀቀ።

የእህቴ ልጅ ሁሉንም አንብቦታል። ቀይ ክቦቹን አሁን በሌላ ቀለም እየከፋፈላቸው ነው። የኩራዝ ዘመዶች በሰማያዊ። በሁለት በር የገቡት በአረንጓዴ። የሲባጎዎቹ በጥቁር። የትኛው ቀለም እንደሚስማማቸው ያላወቃቸው 4 ቀመሮች ቀርተውታል። ጋሼን ጠይቅልኝ ብሎኛል።

53ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የሾፌሩ ነው። ግንበኛውን ሱሉልታ ለጀመረው ቤት ስንት እንደሚያስከፍለው ጠየቀው። ግንበኛው ስልክ ቁጥሩን በአደባባይ እንደማይጽፍ፣ በውስጥ መስመር እንደሚልክለት ነገረው። ዋጋው በካሬ ነው። ወለሉ 6 በ6 ከሆነ ግን 6 ካሬ ነው እንዳይለው አደራ አለው።